የቡሽራ ኤላ

ሐዋ የአማቷን ስም በወጣትነቷ አንድ ጊዜ ከአፏ አውጥታለች። ያቺ አንዲት ጊዜ ልጅ አስከፍላታለች፤ ቢያንስ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው እንደዚያ ነው።

አማቷ ጣሀ ይባላል። ከሐርቡ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ማሽላውም አልቆ ግራርና አሸዋ ብቻ በሚቀርበት በረሃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ያወጣ፣ በጉድጓዱም ዙሪያ ወንዶች ልጆቹን ያሰፈረ ሰው ነው። ቦታው በእሱ ስም ጣሀ ኤላ ተባለ፤ የጣሀ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። በዚያ ቆላ ደንብ ደግሞ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። በስሙ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት፤ ስሙን የሚመስለውን ሁሉ ትሸሻለች። ሐዋ ጣሳን «መቅጃ»፣ ጣራን «ክዳን» እያለች ነው ያረጀችው። ጣቷን እሾህ ሲወጋት እንኳ «እጄን» ብላ ነው የምትጮኸው። የልጅ ልጆቿ ጣሳ ከፊቷ እያውለበለቡ «ሐዋዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይሏትና በሳቅ ይንከተከታሉ። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ነገሩ የሆነው ሙሽርነቷ ገና ሳይለቃት፣ የመጀመሪያ ልጇን ሸምሱን በታቀፈችበት ሰሞን ነበር። ሽማግሌው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ውዱእ ያደርጋል። ከተረከዙ ሥር እፉኝት ራሷን ቀና አድርጋለች። ሐዋ ከሩቅ አየች። ምራት አማቷን የምትጠራበት ስንት የተለሳለሰ ቃል አለ፤ ጌታዬ አለ፣ አባባ አለ። አንዱም በጊዜው አልመጣላትም። «ጣሀ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ዘሎ ተነሣ፤ እፉኝቷንም የከብቶቹ እረኛ ቡሽራ በዱላው ደቁሶ ገደላት።

ጨረቃዋ ሳትሞላ ሸምሱ ትኩሳት ያዘውና ሞተ። የባሏ እናት ዘምዘም ለቅሶ ላይ በተቀመጡት ሴቶች ፊት፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ፣ «የሱን ስም ከአፍሽ አወጣሽ፤ የልጅሽንም ነፍስ አብረሽ አወጣሽ» አለቻት። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕይወቱን ያተረፈችለት ጣሀ ደግሞ እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጦ ወተቱን ይጠጣል። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያ ሰው ለደግነቱ ቀብሩ ላይ ዱዓ ይደረግለታል፤ እኔ ግን ያንን ወተት አልረሳለትም።

ሸምሱ ከሰፈሩ ጀርባ፣ ሕፃናት በሚቀበሩበት ዝቅ ያለ ቦታ ተቀበረ። ሐዋ ከዚያ በኋላ አራት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፤ ከአንዱም ጋር ግን እንደ ሸምሱ ብዙ አላወራችም። በየቀኑ ከሰዓት ዓሥር ሰዓት ሲል ወደዚያ ዝቅታ ትሄድና ትቀመጣለች። ስትሞት ከጎኑ እንዲቀብሯት ልጇን ኑርሁሴንን አስምላዋለች።

ካርታ አንሺዎቹ የመጡት ሸምሱ በሞተ በቀጣዩ በጋ ነው፤ ንጉሡ ሊወርዱ አካባቢ። ወንዶቹ በሙሉ፣ ቡሽራም ጭምር፣ ከብቱን ይዘው ወደ ቦርከና ወንዝ ወርደዋል። አቧራ ለብሶ የመጣው ላንድሮቨር ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመና ባለ ባርኔጣ ሰዎች ወረዱ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ይዘዋል፤ ጎጆዎቹ በፎቶው ላይ እንደ ማሽላ ፍሬ ተበትነው ይታያሉ። ኮረብታው ላይ ወጥተው ድንጋይ ከመሩ፤ በሦስት እግር የቆመ መነጽር ተክለው ወዲያና ወዲህ አዩ። ከመካከላቸው አንዱ ስም መዝጋቢ ነው። የዚህ ሰው ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ የቦታን ስም ሦስት ሰው ለየብቻ ይጠይቃል፤ ሦስቱ አንድ ስም ከተናገሩ ካርታው ላይ ይጻፋል።

ከጉድጓዱ ዳር ሦስት ሴቶች አገኘ፤ ሐዋን፣ ዘሐራንና መኪያን። አንድ በአንድ ለየብቻ ጠየቃቸው። ሰውየው ሥራውን በሚገባ ነው የሠራው፣ ምንም አይወጣለትም። ያላወቀው ሦስቱም የጣሀ ልጆች ሚስቶች መሆናቸውን ነው።

ምራቶቹ እርስ በርሳቸው ውሃ ልንቀዳ ነው ሲሉ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «የቡሽራ ኤላ»። ቡሽራ ጠዋትና ማታ ውሃ እየሳበ ከብቱን የሚያጠጣ ቅጥር እረኛ ነው። አገር የለው፣ ዘመድ የለው። ስሙን ሚስትም ሕፃንም እንዳሻው ይጠራዋል፤ የሚከበር ስም አልነበረምና የሚከለክል አልነበረም። ሐዋ ሰውየው ሲጠይቃት የሸምሱ ቀብር አፈሩ ገና አልጠነከረም። ሻሿን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ «የቡሽራ ኤላ» አለችው። ዘሐራም እንደዚያው አለች። መኪያም። ሰውየው አመሰገነና ጻፈ፤ ላንድሮቨሩም አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ምን ያልሆነ አለ። መንግሥት ወረደ፣ መንግሥት ወጣ። ጣሀ ሞተ፤ ዘምዘም ሞተች፤ የሐዋ ባል ሞተ፤ ዘሐራና መኪያም ተራ በተራ ሄዱ። ቡሽራ የሞተው በአንዱ የረሃብ ዓመት ነው። የጣሀ ልጆች ያን ጊዜ ክፉ ሠሩ፤ እረኛ ከአባታችን ጎን አይተኛም ብለው ከገደሉ ማዶ ቀበሩት፤ በኋላ የወለዳት ሴት ልጁም አንድ ፍየል ተሰጥቷት ወደ ኮምቦልቻ ተሸኘች። ሐዋ ያን ዕለት ምጣዷን አስቀምጣ ከደጅ ቆማ አየች፤ አልተናገረችም። እሷ ስለ ዝምታ ብትጠየቅ ብዙ የምታውቀው ነበራት።

የዚያች ልጅ ልጅ አብዱልባሲጥ ነው።

አብዱልባሲጥ ኮምቦልቻ ውስጥ አይሱዙ ከሚያሰማሩት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ጥርሱ ነጭ፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ንግግሩ ማር ነው። በረሃውን ለከብት ማድለቢያ እፈልጋለሁ ብሎ አመለከተ፤ መሬቱ የእናቴ አባት የቡሽራ የነበረ ነው፣ የጣሀ ቤተሰቦች በኋላ የመጡ ናቸው አለ። የመሬት ምዝገባ ያንን በረሃ የግጦሽ ቦታ ነው ብሎ አልፎት ስለነበር የሰፈሩ ሰዎች በእጃቸው ምንም ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ጉዳዩን እንዲያይ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴም ከደሴ አንድ የካርታ ባለሙያ ቀጠረ፤ የሰፈሩንና የዙሪያውን የድሮና የዛሬ ካርታ አንድ ላይ አድርጎ እንዲያሳይ፣ የማን ነባር ይዞታ እንደሆነ እንዲለይ። ባለሙያው አግማስ ይባላል።

አግማስ ክፉ ሰው አይደለም። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ቀጭን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቀመጥ የሚዞር ሰው ነው። ድሮኑን አስነሥቶ በረሃውን ከላይ አነሣ፤ የጉድጓዱን፣ የመስጊዱን፣ የከብት በረቱን፣ የቀብሩን ቦታ በጂፒኤስ ያዘ። ሐዋ ወደ ሕፃናቱ ዝቅታ ወስዳው «ልጄ እዚህ ነው» አለችው። አግማስ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ጎርፍና ነፋስ ሜዳ አድርገውታል፤ ድንጋይ የለ፣ ጉብታ የለ። ምልክት የሌለውን ማስገባት እንደማይችል፣ ዓይኑ ያየውን ብቻ እንደሚጽፍ በትሕትና ነገራት። ሐዋ እጇን መሬቱ ላይ አድርጋ ደግማ «እዚህ ነው» አለችው። ቆቡን አውልቆ ትንሽ ቆመና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያን ዕለት ከሰዓት የድሮውን ካርታ ከመኪናው ፊት ላይ ዘርግቶ ሰፈሩን ሰበሰበ። ኮረብታው በቀጭን ቡናማ መስመሮች ተከብቧል፤ ገደሉ፣ ደረቁ ወንዝ፣ ጎጆዎቹ፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ። የሰፈሩ ሰዎች አያቶቻቸውን በፎቶ ያዩ ያህል ደስ አላቸው። ኑርሁሴን፣ በሕይወት ካሉት የሐዋ ልጆች ታላቁ፣ አሁን የሰፈሩ ሽማግሌ የሆነው፣ ጣቱን ጉድጓዱ ላይ አድርጎ ስሙን አንብብልን አለው። አግማስ አነበበው።

«የቡሽራ ኤላ።»

ወዲያው ጩኸት ሆነ። አንዱ በጉቦ ያስጻፉት ነው አለ፤ ሌላው ካርታው የኛ ቦታ አይደለም አለ። አግማስ ካርታው ከብዙዎቹ ዕድሜ በላይ እንደሆነ፣ አብዱልባሲጥ ሳይወለድ እንደታተመ፣ በዚያ ዘመን ስም የሚጻፈው ሦስት ሰው ለየብቻ ተጠይቆ እንደሆነ አስረዳቸው። ጎጆዎቹ ሰው እንደነበረ ያሳያሉ፤ የማን ሰው እንደነበረ የሚናገረው ስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ የቡሽራ ነው አለ። ኑርሁሴን «ማነው ያለው? የትኛው ውሸታም ነው?» እያለ ይጮኻል። ሐዋ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰው ፀሐዩ ነው ብሎ ውሃ አመጣላት።

ለልጇ የነገረችው ከዒሻ ሶላት በፊት፣ ሰው ተበትኖ ነው። ሁሉንም ነገረችው፤ እፉኝቷን፣ ሸምሱን፣ የዘምዘምን ቃል፣ ባለ ባርኔጣውን ሰውዬ። ስትጨርስ ኑርሁሴን የሚያጽናናት መስሏት ነበር።

«አንቺ ነሻ» አላት። «እኛ ከመንግሥት ጋር ስንጣላ፣ ያጠፋን የገዛ ቤታችን ነው።»

በማግስቱ ነገሩን ለአግማስ ነገረው፤ አግማስም ተስፋ ሰጠው። በሕይወት ያለች ምስክር ካለች፣ ያን ጊዜ ስሙን የሰጠችው እሷ ከሆነች፣ ለምን እንደዚያ እንዳለችና ትክክለኛው ስም ማን እንደሆነ በኮሚቴው ፊት በራሷ አፍ ከተናገረች፣ ማስተካከያ ይገባበታል አለ። በራሷ አፍ የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመው። ልጅ ተክቶ መናገር አይችልም፤ አሠራሩ ነው።

ሐዋ እምቢ አለች። የልጅ ልጇ ረውዳ እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ የበኩሯ ነው። ሐዋ በዚያ ሆድ ላይ ያንን ስም ልትጠራ ነው? ኑርሁሴን ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደግሞ ለመነ። ለሞተ ሰው ስም ብለሽ በሕይወት ያለነውን ልትበትኚን ነው ወይ አላት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ፤ እነዚያው እናቶቻቸው የአማት ስም እንዳይጠሩ ሲጠብቁ የኖሩ ወንዶች፣ አሁን ደንቡ የድሮ ነው፣ አላህ ይምራል፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይሏታል። ደንቡ ሲወጣም ሲሻርም ያማከራት የለም። በመጨረሻ ረውዳ ራሷ መጣች፤ የሐዋን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችና፣ «ሐዋዬ፣ በይው። ልጄ የሚወለድበት ቤት እፈልጋለሁ» አለቻት።

ሐዋ እሺ ያለችው ለዚያ ነው። ሸምሱንም አስባለች፤ ድንጋይ የሌለውን ልጅ ማን ይጠብቀዋል። ያን ሳምንት በየሶላቱ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ በሱጁድ ቆየች፤ ያረብ፣ ነፍስ ከፈለግህ የኔን ውሰድ፣ የልጂቱን ተው እያለች።

ኮሚቴው የተሰየመው ኮምቦልቻ፣ ማራገቢያው በማይሠራ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሰፈሩን ሰው ከበረሃ ያመጣው አይሱዙ የአብዱልባሲጥ ነበር። መኪና የላችሁም ብሎ ራሱ ላከላቸው። በር ላይ ቆሞ ሐዋን ተቀበላት፤ ትከሻዋን ሳመ፤ የታሸገ ውሃ ከፍቶ ሰጣት፤ ወንበርም ጠረገላት። ኑርሁሴን ጥርሱን ነክሶ ያያል። ሐዋ ግን የሰውየው ዓይን ቁርጥ የቡሽራ ዓይን እንደሆነ አየች። የዚያ ዓይን ባለቤት እፉኝት ገድሎላቸዋል።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሸዋረጋ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ችኩል ሴት ናቸው። አግማስ ካርታዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አስረዳ። ከዚያ ሐዋ ተጠራች። ድምፅ መቅረጫ ስልክ ፊቷ አኖሩ። ያን ቀን ከጉድጓዱ ዳር የሆነውን ተናገረች፤ ስለ ደንቡ፣ ስለ ሦስቱ ምራቶች፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ስለሚሉት ስም። የሸምሱ ነገር ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ሸዋረጋ አጠር እንድታደርግ ጠየቋት።

«እሺ እናቴ። እና የቦታው ትክክለኛ ስም ማን ነው?»

ሐዋ ረውዳን ፈለገቻት። ረውዳ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ኑርሁሴን አንገቱን አስግጎ፣ በይ በይ የሚል ፊት ያሳያታል። ሐዋ ቢስሚላህ አለች። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ባዶውን ተዘጋ።

«ጣሀ» አለች። «ጣሀ ኤላ ነው።»

ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ «ያረብ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ሐዋ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ የሚመጣው ነገር ከየት እንደሚመጣ እንደሚጠብቅ ሰው ሆና ቀረች። የመጣው ከአብዱልባሲጥ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲፈቀድለት ለመነ፤ ተፈቀደለት።

«እማማ ሐዋ፣ አላህ ያቆይልን» አለ። «ያን ቀን ስሙን ያልጠሩት ነውር ስለሆነ ብቻ ነው?»

«ነውር ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ሰው ይሞታል። ልጄ ሞቷል።»

«አሁንም ሰው እንደሚሞት ያምናሉ?»

«አምናለሁ።»

«ረውዳ እርጉዝ ናት አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎ። እንግዲህ በልጅ ልጅዎ ላይ ፈርደው ነው ዛሬ የጠሩት? ወይስ ማንም እንደማይሞት ያውቁ ነበር?»

ሐዋ መልስ ፈለገች። እውነቱ ሁለቱም ነበር፤ ፈርታ ነው የጠራችው፣ አላህን ለምናም ነው የጠራችው። ይህንን እንዴት አድርጎ ሰው ለሰው ያስረዳል? አብዱልባሲጥ የሰጣትን ውሃ አንሥታ ጠጣች።

አብዱልባሲጥ ወደ ኮሚቴው ዞረ። ድምፁን አላነሣም። «ደንቡ ከሌለ፣ ያን ጊዜ የተናገሩት እውነት ነው፤ ቦታው የቡሽራ ነው። ደንቡ ካለ ደግሞ፣ ነፍስ ያጠፋል ብለው የሚያምኑትን ነገር ለቤታቸው ብለው ዛሬ በፊታችሁ አድርገዋል። ለቤታቸው ብለው ይህንን ያደረጉ ሰው፣ ሌላ ምን አይሉም?» ቆየት ብሎም ጨመረ። «እናቴን ከዚያ ሰፈር በአንድ ፍየል ነው የሸኟት። አያቴን ከገደል ማዶ ነው የቀበሩት። እዚያ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ሊወስዱበት መጡ።»

ከሰፈሩ ሰዎች ቀና ብሎ ያየው የለም። የተናገረው እውነት ነበር፤ እውነት ደግሞ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ከውሸት የባሰ ይቆርጣል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ አግማስ ዞረው በሙያህ የትኛውን ትይዛለህ አሉት። አግማስ ላቡን ጠረገ። ያን ጊዜ የተጠየቁት ሦስቱም ለየብቻ አንድ ቃል ተናግረዋል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ማንም የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም፤ ዛሬ ግን ጥቅም አለ አለ። ስለዚህ የድሮውን ይይዛል። ሲናገር ሐዋን አላያትም።

ፍርዱ ከምሳ በኋላ ተነገረ። ሰፈሩ ለማድለቢያው ይለቀቃል፤ ነዋሪዎቹ ሐርቡ አካባቢ ቦታ ይፈለግላቸዋል።

መተላለፊያው ላይ አግማስ ጥቅልል ካርታውን በብብቱ ይዞ ወደ እነሱ መጣ። ምናለ ዝም ብሎ ቢያልፍ። የሚያጽናና መስሎት ነው። «እማማ» አላት፣ «ስሙን መጥራት አቅቶዎት ቢቆሙ ኖሮ፣ እዚያው ቢያለቅሱ ኖሮ፣ እኔ ራሴ ደንቡ እውነት ነው ብዬ እመሰክር ነበር። ዝምታዎ ያስረዳልን ነበር።» ይህን ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ኑርሁሴን ወደ እናቱ ዞረ። ሳምንት ሙሉ እግሯ ሥር ወድቆ በይ ያላት እሱ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ በፊቱ በይ ያላት እሱ ነው።

«ማን ጥሪው አለሽ?» አላት። «መናገር ባለብሽ ቀን ዝም አልሽ፤ ዝም ማለት ባለብሽ ቀን ተናገርሽ።»

በመመለሻው አይሱዙ ላይ ሴቶቹ ከሐዋ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ግማሾቹ ሰፈሩን ያስወሰደች ናት ብለው፣ ግማሾቹ ደግሞ ስሙን ጠርታለችና መዘዙ እንዳይነካን ብለው። አንዷ ሕፃኗን ከሐዋ ዓይን ሻሽ አልብሳ ሸፈነች። ኮምቦልቻንና ሐርቡን የሚያውቅ ሰው ያ መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያውቃል፤ ለሐዋ ግን አላልቅ አለ።

ክረምቱ ሳይገባ ለቀቁ። አብዱልባሲጥ የአያቱን ቀብር በብሎኬት አሳጠረ፣ ነጭ ቀለምም ቀባው። የጣሀን ቀብር አልነካም፤ ካርታው ላይ ስላለ አይነካም። የሕፃናቱ ዝቅታ ግን ካርታው ላይ የለም። ሜዳ ነው፤ ለከብት ምቹ ነው። የማጠጫ ገንዳዎቹ እዚያ ተደረደሩ። ሐዋ አንድ ቀን ዘበኛውን ለምና ገብታ ከአጥሩ ሥር ሆና አየች፤ የሰቡ በሬዎች በጭቃው ላይ ቆመው ይጠጣሉ። የትኛው እግር ሥር እንደሆነ ልትለይ ሞክራ አቃታት። ከዚያ ወዲህ አልሄደችም።

ሐርቡ ዳር በተከራዩት ክፍል ውስጥ ቀኑን የምትገፋው ረውዳን እያየች ነበር። ረውዳ ስታስነጥስ ሐዋ ትደነግጣለች። ረውዳ ወገቤን ስትል ሐዋ ትነሣና ትሰግዳለች። ምጧ ሲመጣ ወደ ደሴ ወሰዷት፤ ሐዋ ቤት ቀርታ የምትሰማውን ቃል ትጠብቃለች። ማን ሊነግራት እንደሚመጣ፣ እንዴት አድርጎ በሩ ላይ እንደሚቆም ሁሉ አስባ ጨርሳለች። ኑርሁሴን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድ ነው» አለ። «ጤነኛ ነው። ድቡልቡል ያለ።»

በሰባተኛው ቀን በግ ታረደ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሰው ደጅ ድረስ ተቀመጠ። ስም የማውጣቱን ነገር ኑርሁሴን ለማንም አልተወም። መሬቱን ቢወስዱብን ስሙን አይወስዱብንም አለና ልጁን ጣሀ አለው። ሽማግሌዎቹ ማሻ አላህ አሉ። ከዚያ ኑርሁሴን ሕፃኑን ከረውዳ ተቀብሎ አምጥቶ የሐዋ ጭን ላይ አኖረው። በሰው ሁሉ ፊት፣ ፈገግ ብሎ፣ «አሁን ተምረሻል፤ ጥሪው» አላት። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ሐዋ ሕፃኑን አየችው። ጉንጩ ሙሉ፣ ትንፋሹ ሙቅ ነው። ጡጫውን ጨብጧል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላህ ልመናዋን ሰምቷል ማለት ነበረባት። የመጣባት ግን ሌላ ነው። ስሙን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጠርታዋለች፤ በስልክ ተቀርጿል፤ ይህ ልጅ ያን ጊዜ በሆድ ውስጥ ሆኖ ሰምቶታል። ምንም አልሆነም። ስሙ ሰው አይገድልም። እንግዲያው ሸምሱን የገደለው ትኩሳት ነው፤ ዝም ብሎ ትኩሳት። ዘምዘም ዋሽታለች፤ ወይም አላወቀችም። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ከጉድጓዱ ዳር ሲጠይቃት፣ ያቺን አጭር ቃል ብትለው ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር። ቤታቸው ቤታቸው፣ የልጇ አፈርም የልጇ አፈር ሆኖ ይቀር ነበር።

«ጣሀ» አለችው።

ሕፃኑ አዛጋ። ሰው እየሳቀ ወደ ሥጋው ዞረ። ሐዋ ግን ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን ጆሮው ላይ አድርጋ፣ ደግማ ጠራችው። ደግማም ጠራችው። አንድ ነገር እንዲመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን የምትጠብቅ ይመስል ትጠራዋለች፤ ልጁ ደግሞ ተኝቷል፣ ትንፋሹም ደህና ነው። ረውዳ ፈርታ መጥታ ልጇን ከእጇ ወሰደችባት። ሐዋ ባዶ ክንዷን እንደታቀፈች ስሙን መጥራት አላቆመችም።